ሁለተኛው ወረቀት

ሰሜን ለንደን፣ ቅዳሜ ከሰዓት። የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። በመጪው ግንቦት የጂሲኤስኢ ሒሳብ ትፈተናለች። እኔ አገር ቤት ሳለሁ ሒሳብ አስተምር ነበር፤ እዚህም ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች አስጠናለሁ። የሙከራ ፈተናው ውጤት የመጣ ዕለት እናቷ «ና እስቲ እየው» ብላ ደወለችልኝ። ሦስቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን የተባባልነውን፣ ልጅቷ ስለፈቀደችልኝ፣ እዚህ አስፍሬዋለሁ።

አጎት፦ የመጀመሪያው ወረቀት 61። ሁለተኛው 43፣ ሦስተኛው 46። ሦስቱም ከ80 ናቸው፤ ለእያንዳንዱ የተሰጠው ጊዜም እኩል 90 ደቂቃ ነው። ካልኩሌተር የተከለከልሽው በመጀመሪያው ብቻ ነው። በተከለከልሽበት በልጠሽ በተፈቀደልሽ የወረድሽው ለምንድን ነው?

ልጅ፦ ጊዜ አነሰኝ ጋሼ። የሁለተኛውን ወረቀት የመጨረሻዎቹን ሦስት ጥያቄዎች ሳልነካቸው ነው «እስክሪብቶ አስቀምጡ» የተባልነው።

አጎት፦ እዚህ ዳር ላይ የደረደርሽው ምንድን ነው?

ልጅ፦ የሲሊንደሩ ይዘት ነው። ራዲየሱ 6.5፣ ቁመቱ 18። 6.5 በራሱ ሲባዛ 42.25፣ እሱ በ18 ሲባዛ 760.5፣ ከዚያ በ3.14።

አጎት፦ ሁሉንም በእጅሽ?

ልጅ፦ በእጄ። 2387.97 መጣልኝ። ደግሜም አረጋገጥኩት።

አጎት፦ ማባዛቱ አንድም ስሕተት የለበትም። ካልኩሌተርሽ የት ነበር?

ልጅ፦ እዚያው ጠረጴዛው ላይ። በፊቱ ደፍቼው ነበር።

አጎት፦ ለምን?

ልጅ፦ ካየሁት እጄ ይሄዳል ብዬ። አዲስ አበባ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ካልኩሌተር ይዞ የተገኘ ልጅ ኩረጃ ላይ እንደተያዘ ነበር የሚቆጠረው። ጎበዝ የሚባለው በጭንቅላቱ የሚሠራው ነው። እዚህ ስመጣ ደግሞ እንግሊዝኛው አስቸገረኝ፤ ክፍል ውስጥ አፌን ሞልቼ የምናገርበት አንድ ነገር ሒሳብ ብቻ ነበር። ልጆቹ ቁልፍ እየፈለጉ እኔ መልሱን እናገራለሁ። እሱን እንዴት ልተወው?

አጎት፦ አትተዪውም። ማንም ተዪው አይልሽም።

ልጅ፦ ደግሞ እውነቱን ልንገርዎት? ስጠቀምበት ይሳሳትብኛል። በእጄ ስሠራ የት ላይ እንደሳትኩ ይታየኛል። እሱ ግን አንድ ቁጥር ያወጣና ዝም ይላል። ምን ብዬ ልመነው?

አጎት፦ ሁለት ነገር ነው የነገርሽኝ። አንደኛው እፍረት ነው፣ ሁለተኛው አለማመን። እፍረቱን ያስተማርንሽ እኛ ነን። እኔ ራሴ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ «ካልኩሌተር የሰነፍ ምርኩዝ ነው» ብያለሁ፤ ተሳስቼ ነበር። እስቲ አስቢው፣ እኛስ በምን ተማርን? ከመማሪያ መጽሐፉ ጀርባ ባለው የሎጋሪዝም ሠንጠረዥ ነው። ኔፒር የሚባል ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1614 ያሳተመው ነገር ነው ተሻሽሎ እኛ ጋ የደረሰው። ያን ሠንጠረዥ ስንገልጥ ማንም ሰነፎች ብሎን አያውቅም። እንዲያውም ሠንጠረዥ ማንበብ የሚችል እንደ ሊቅ ይታይ ነበር።

ልጅ፦ እናቴም ታነሣዋለች። ካራክተሪስቲክ፣ ማንቲሳ የሚባል ነገር።

አጎት፦ እሱ ነው። አሁን ልብ ብለሽ ስሚኝ፤ ለአለማመንሽ መድኃኒቱ እዚያ ውስጥ አለ። የ2389ን ሎጋሪዝም ብትፈልጊ ሠንጠረዡ የሚሰጥሽ ማንቲሳውን፣ .3782 ብቻ ነው። የ238.9ም .3782 ነው፣ የ23.89ም .3782። ሠንጠረዡ ነጥቡ የት እንደሚውል አይነግርሽም። ቁጥሩ በሺዎች ነው፣ በመቶዎች ነው፣ በአሥሮች ነው የሚለውን አንቺ ነሽ የምትወስኚው፤ ካራክተሪስቲክ የምንለው እሱን ነው። ስለዚህ መልሱ ምን ያህል እንደሚሆን ሳይገምት ሠንጠረዥ የሚከፍት ተማሪ አልነበረም። መሣሪያው ራሱ ግምትን ያስገድድ ነበር። ካልኩሌተር ሲመጣ ነጥቡንም እሱ አስቀመጠልን። ሸክም ቀለለ፤ ግን መገመቱንም አብረን ጣልነው። አንቺ «ዝም ይላል» ያልሽው ለዚህ ነው። ዝም የሚለው ቀድመሽ ምንም ስላላልሽው ነው።

ልጅ፦ ቀድሜ ምን ልበለው?

አጎት፦ ይህን ሲሊንደር እንይ። 6.5 በራሱ አርባ ምናምን ነው። ፓይ ሦስት ነው በዪው። አርባ በሦስት 120፤ በ18፣ ማለትም በ20 ገደማ፣ 2400። ይህችን 2400 ዳር ላይ ጻፊያት። ከዚያ ካልኩሌተሩን አንሺ። 2389.18 ይልሻል። ከ2400 ጋር ተገናኙ፤ አመንሽው ማለት ነው። 238.9 ቢልሽ ወይም 15 ሺህ ቢልሽ ወዲያው ታውቂበታለሽ። በጭንቅላትሽ የመሥራት ጉብዝናሽ የት ሄደ? አልሄደም። መጀመሪያ ገባ።

ልጅ፦ የእኔ መልስ ግን 2387.97 ነው። ብዙም አይራራቅም።

አጎት፦ የፈተና አዘጋጁን የኤድኤክሴልን ወረቀት ሽፋን አንብበሽዋል? ካልኩሌተርሽ የፓይ ቁልፍ ከሌለው 3.142 ውሰጂ ይላል። 3.14 አይልም። በ3.142 ብታባዢው 2389.49 ይሆናል፣ በቁልፉ 2389.18። ሁለቱም ወደ ሙሉ ቁጥር ሲጠጋጉ 2389 ናቸው፤ ያንቺ 2388። አራሚው ይቀበለው ይሆናል፣ ላይቀበለውም ይችላል። ይህን ሁሉ ደቂቃ ለፍተሽ ማርክሽን ለእሱ መመሪያ የምትተዪው ለምንድን ነው? ያ ደቂቃ ደግሞ ካልነካሻቸው ሦስት ጥያቄዎች የተወሰደ ነው።

ልጅ፦ እሺ። ይህኛውን ግን በካልኩሌተር ነው የሠራሁት። ግራፉን። ያኔ ነው የተናደድኩበት።

አጎት፦ አምጪው። ከ−2 እስከ 4 ድረስ የኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ ሁለት ኤክስ ሲቀነስ አንድ ግራፍ። በሠንጠረዡ ውስጥ ለ−2 የሞላሽው −1፣ ለ−1 ዜሮ፣ ለዜሮ −1፣ ለ1 −2፣ ለ2 −1፣ ለ3 ደግሞ 2፣ ለ4 7። ነጥቦቹን አገናኝተሽ ይህን የተጣመመ ነገር ሣልሽ።

ልጅ፦ እንደተሳሳተ አውቄ ነበር። ጎድጓዳ መሆን ነበረበት። ግን ካልኩሌተሩ ያለኝን ነው የጻፍኩት። ሁለት ጊዜ ጫንኩት፣ ያንኑ አለኝ።

አጎት፦ ሺህ ጊዜ ብትጫኚው ያንኑ ይልሻል። እስቲ −2 ስኩዌር ብለሽ ጫኚልኝ።

ልጅ፦ −4። ይኸው!

አጎት፦ አሁን −2ን በቅንፍ ውስጥ አድርገሽ፣ ስኩዌሩን ከቅንፉ ውጭ።

ልጅ፦ 4።

አጎት፦ አየሽ፣ አልተሳሳተም። መጀመሪያ የጠየቅሽው «ሁለትን በራሱ አባዛና ፊቱ ላይ የመቀነስ ምልክት አድርግ» ብለሽ ነው። እሱም እንዳዘዝሽው አደረገ። ወረቀት ላይ ስትሠሪ «ኔጋቲቭ በኔጋቲቭ ፖዘቲቭ ነው» የምትለውን ነገር አእምሮሽ በራሱ ይሞላዋል፤ ቅንፉን ሳትጽፊውም ታስቢዋለሽ። ማሽኑ ያላልሽውን አይጨምርም። ስለዚህ ኔጋቲቭ ቁጥር ከተካሽ ሁልጊዜ በቅንፍ። ያስፈልጋል አያስፈልግም ብለሽ አትከራከሪ፤ እጅሽ ይልመደው።

ልጅ፦ እንግዲህ ለ−2 ሰባት ነው፤ 4 ሲደመር 4 ሲቀነስ 1። ለ−1 ደግሞ 2።

አጎት፦ አሁን ለ3 እና ለ4 የሞላሽውን ተመልከቺ።

ልጅ፦ 2 እና 7። ...እኩል ናቸው! −1 እና 3 እኩል፣ −2 እና 4 እኩል። ኤክስ 1 ላይ እንደ መስታወት ይዞራል ማለት ነው።

አጎት፦ ይህን ማሽኑ አልነገረሽም፤ አንቺ ነሽ ያየሽው። ፈተና ላይ ግራፉ ሲጣመምብሽ «እሱ ያለኝን ጻፍኩ» ብለሽ አትለፊ። ጎድጓዳ መሆን እንዳለበት ካወቅሽ አንቺ ትበልጪዋለሽ፤ መልሰሽ ጠይቂው። እናትሽ በስጦታ የሰጠችሽ ይህ ካልኩሌተር ደግሞ «ቴብል» የሚል ክፍል አለው፤ ቀመሩን አንዴ ከሰጠሽው ሰባቱንም ነጥቦች ይደረድርልሻል። እሱን ዛሬ ማታ ብቻሽን ሞክሪው።

እናት፦ (ከሥራ ገብታ ኮቷን እያወለቀች) ስጦታው ምን ሆነ? ደግሞ ልጄን ማሽን ላይ ልትጥልብኝ ነው ወንድሜ?

አጎት፦ ፈተና ላይ በፊቱ ደፍታው እንደነበር ታውቂያለሽ?

እናት፦ ምን? ከፍዬ የገዛሁትን?

ልጅ፦ እማዬ፣ አንቺ አይደለሽ «በጭንቅላትሽ ሥሪ» የምትይኝ?

እናት፦ እላለሁ፤ አሁንም እላለሁ። ጎረቤታችን ያለውን ልጅ አይቼዋለሁ። ስድስት በስምንት ስንት ነው ብትዪው ስልኩን ነው የሚያወጣው። ልጄ እንደዚያ እንድትሆንብኝ አልፈልግም። ሱቅ ገብታ መልሷን መቁጠር ካቃታት ማርኩ ምን ያደርግላታል?

አጎት፦ የምትፈሪው ነገር ልክ ነው፣ አልከራከርሽም። እንግሊዞች ራሳቸው ለዓመታት ተከራክረውበታል። እ.ኤ.አ. በ1982 ኮክክሮፍት የሚባሉ ሰው የመሩት ኮሚቴ ስለ ሒሳብ ትምህርት ትልቅ ሪፖርት አውጥቶ ለካልኩሌተር ክፍል ውስጥ ቦታ ሰጠው። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ደግሞ የአሥራ አንድ ዓመት ልጆች ከሚፈተኑት ሀገር አቀፍ ፈተና አስወጡት። በጂሲኤስኢ አንዱን ወረቀት ያለ ካልኩሌተር፣ ሁለቱን በካልኩሌተር አድርገውታል። አንቺ የምትፈልጊውን የሚጠብቀው የመጀመሪያው ወረቀት ነው፤ እሱ ላይ ልጅሽ 61 አምጥታለች። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን የሚጠይቁት ሌላ ነገር ነው። እዚያ ላይ ማባዛት አይፈትኗትም። የትኛውን ከየትኛው ጋር እንደምታባዛ፣ ለምንስ እንደምታባዛ ነው። በእጇ ስታባዛ ያልተጠየቀችውን እየመለሰች ነው።

እናት፦ ታዲያ ከለመደችው በኋላ ትተወው ይሆን? በጭንቅላት መሥራቱን?

አጎት፦ መገመቱን ካስቀደመች አትተወውም። ካልኩሌተር ሳትነካ በፊት ግምቷን እንድትጽፍ ነው የማስለምዳት። ካልጻፈች ማሽኑን እወስድባታለሁ።

እናት፦ እሱን ካደረግህ ዝም እላለሁ። ሻይ ላፍላ።

ልጅ፦ ጋሼ፣ ግምት ግን ሁሉንም ይይዛል? ይህን ይመልከቱ። 150 ማይል በ3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ የተጓዘ መኪና። በ3.2 አካፍዬ 46.875 አመጣሁ፤ ተሳስቷል ተባልኩ። በሦስት ቢካፈል 50 ነው፣ በአራት 37.5። የእኔ በመካከላቸው ነው። ግምት አላዳነኝም።

አጎት፦ ጥሩ ጠየቅሽ። አይ፣ ሁሉንም አይዝም። ግምት የሚይዘው ትልቁን ስሕተት ነው። ይህኛው ሒሳቡን ወደ ማሽኑ ቋንቋ ስትመልሺ የተፈጠረ ነው። ሰዓት በስልሳ ይቆጠራል፣ ነጥብ በአሥር። 3.2 ሰዓት ማለት 3 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነው። ሃያ ደቂቃ ሲሶ ሰዓት ስለሆነ ክፍልፋዩን እንዳለ አስገቢው፤ ሦስት ከአንድ ሦስተኛ። 150 ሲካፈልበት 45 ይመጣል፣ ጥርት ብሎ። የዲግሪና የደቂቃ ምልክት ማስገባትም ይቻላል፤ ለሰዓትም ያገለግላል።

ልጅ፦ 45። እኔ ደግሞ 46.875 ሲመጣ ብዙ ቁጥር ስላለው ትክክል መሰለኝ።

አጎት፦ ነጥብ የበዛበት ቁጥር ሰውን ያስፈራል፣ የተማረ ይመስላል። ስክሪኑ የሚሰጥሽ አሃዝ ብዛት የጥያቄሽን ትክክለኛነት አይመሰክርም። ግን ተቃራኒውንም ተጠንቀቂ። በዚህ ባለ ሁለት ደረጃ ጥያቄ፣ በጎነ ሦስቱ፣ መጀመሪያ 12 በሳይን 35 አባዝተሽ 6.9 ብለሽ ጻፍሽ።

ልጅ፦ 6.88 ምናምን ነበር፤ አጠጋጋሁት።

አጎት፦ ከዚያ 6.9ን ለታንጀንት 20 አካፍለሽ 19.0 አልሽ። ሳታጠጋጊ ብትቀጥዪ 18.91፣ ማለትም 18.9 ነበር። መንገዱ ሁሉ ልክ ነው፤ የዘዴውን ማርክ አግኝተሻል፤ የመልሱን ማርክ አጣሽ። መጨረሻ ላይ ካልሆነ አታጠጋጊ። ወረቀቱ ላይ 6.882 ብለሽ ነጠብጣብ አድርጊና እለፊ፣ ማሽኑ ላይ ግን «አንሰር» የሚለውን ቁልፍ ተጠቀሚ። የመጨረሻውን መልስ ከነሙሉ አሃዙ ይዞልሻል።

ልጅ፦ እሱን ቁልፍ ነክቼው አላውቅም።

አጎት፦ እኔ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። 2500 ፓውንድ በዓመት 3 በመቶ ሲወልድ ከ4 ዓመት በኋላ ስንት ይሆናል? 2500 ብለሽ ጫኚ። ከዚያ አንሰር በ1.03። አሁን መልስ የሚያወጣውን ቁልፍ ብቻ ደጋግመሽ ተጫኚ፣ እየቆጠርሽ።

ልጅ፦ 2575... 2652.25... 2731.8175... 2813.772025።

አጎት፦ አራት ዓመት። 2813 ፓውንድ ከ77 ሳንቲም። ገንዘቡ ዓመት በዓመት ሲያድግ አየሽው አይደል? 2500ን በ1.03 ኃይል 4 ብታባዢውም ያው ነው፤ በዚያኛው አረጋግጪ። ከወረቀቱ መጨረሻ አካባቢ ያለው፣ አንድ መልስ መልሶ ወደ ቀመሩ የሚገባበት ጥያቄም በዚሁ ቁልፍ ነው የሚሠራው። አንቺ ካልነካሻቸው ሦስቱ አንዱ እሱ ነው።

ልጅ፦ ባለ አራት ማርኩ ጥያቄ እሱ ነበር?

አጎት፦ አዎ። በእጅ ብትሞክሪውማ ካሬ ሥር ስታወጪ ይመሽብሻል።

ልጅ፦ አንድ ሌላ ችግር አለ ጋሼ። መምህራችን ሰሌዳው ላይ የምታሳየን ካልኩሌተር የእኔ ዓይነት አይደለም። እሷ ክፍልፋዩን ወደ ነጥብ የምትለውጥበት አንድ ቁልፍ አለ፤ የእኔ የለውም። እኩል ይሆናል የሚለውም የለውም። እጄን አውጥቼ መጠየቅ አፈርኩ።

አጎት፦ የእሷ የቀድሞው ካሲዮ ነው፣ ያንቺ አዲሱ ነው፣ ሲደብሊው የሚባለው። ያንቺ ላይ «ፎርማት» የሚለውን ተጭነሽ ዴሲማልን ትመርጫለሽ። በእኩል ይሆናል ፈንታ ደግሞ ታች በቀኝ ጥግ ያለው «ኤግዚኪዩት» ነው፣ በአጭሩ የተጻፈው። ይህን ባለማወቅ ማፈር የለብሽም፤ ቁልፎቹ ሲቀያየሩ መምህራንም ተቸግረዋል። ለዚህ ነው የሰው ካልኩሌተር በፈተና ጠዋት መዋስ የማይገባው። የራስሽን ከዛሬ ጀምሮ የቤት ሥራም ስትሠሪ ያዢው። ጣትሽ ሳያይ ቁልፉን እስኪያገኝ።

ልጅ፦ ቢበላሽብኝስ? ሴቲንጉ ቢቀየርብኝ?

አጎት፦ ወንበርሽ ላይ እንደተቀመጥሽ ሳይን 30 ብለሽ ጠይቂው። ግማሽ ካለሽ በዲግሪ ነው የሚሠራው፤ ስክሪኑ አናት ላይም ትንሽ የዲ ፊደል ታያለሽ። ኔጋቲቭ 0.988 ካለሽ አንድ ሰው ራዲያን ላይ ትቶታል ማለት ነው። «ሴቲንግስ» ገብተሽ ትመልሺዋለሽ፤ እንዴት እንደሆነ አሁን አሳይሻለሁ፣ አንቺ ደግሞ አሥር ጊዜ ታበላሺዋለሽ፣ አሥር ጊዜ ታስተካክዪዋለሽ። ያንቺ ሞዴል በብርሃን አይሠራም፣ ባትሪ ብቻ ነው። ባትሪው ቢያልቅ ኃላፊነቱ የተፈታኙ ነው፤ ፈታኙ አይጠየቅም። በግንቦት መጀመሪያ አዲስ አስገቢበት። ክዳኑ ላይ መመሪያ ወይም ቀመር ከታተመበትም ክዳኑን ውጭ ትተሽ ግቢ፤ ደንቡ ነው።

እናት፦ (ሻይ እያስቀመጠች) ባትሪውን እኔ እገዛለሁ። እስቲ አንድ ስትሠራ ልይ።

አጎት፦ ይህችን ሥሪ። ላዕሉ 19.7 ሲደመር 28.4፣ ታሕቱ 6.1 ሲቀነስ 2.1። «ስክሪንሽ ላይ ያለውን አሃዝ ሁሉ ጻፊ» ይላል። ቆይ፣ እጅሽን አንሺ። መጀመሪያ ምን?

ልጅ፦ ግምት። ሃያ ሲደመር ሃያ ስምንት አርባ ስምንት። ከታች አራት። አሥራ ሁለት። ጻፍኩ።

አጎት፦ አሁን ያንቺ ነው።

ልጅ፦ 19.7 ሲደመር 28.4 ሲካፈል 6.1 ሲቀነስ 2.1። ...6788 በ305። ፎርማት፣ ዴሲማል። 22.2557377።

እናት፦ እሰይ! ጻፊው።

ልጅ፦ ቆይ እማዬ። አሥራ ሁለት ነው ያልኩት። ሃያ ሁለት ሊሆን አይችልም።

አጎት፦ ...

ልጅ፦ አይንገሩኝ ጋሼ። 28.4ን ብቻ ነው ለ6.1 ያካፈለው። ላዕሉን አንድ ላይ አላደረግኩለትም፣ ታሕቱንም። በክፍልፋይ ቁልፉ ላስገባው፤ ላይ ይኼን፣ ታች ይኼን። ...481 በ40። ፎርማት። 12.025።